ቦተም ብራኬት ምንድን ነው? ቀኙስ ለምን በግልባጭ ይፈታል?

በሳይክል ዳገት ስትወጡ፣ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ከእግራችሁ ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ካቴናውን ዘይት ታጠጡታላችሁ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። እንግዲያው ውረዱና ፔዳሉ የታሰረበትን ክንድ ያዙ፤ ክራንክ የሚባለው እሱ ነው። ወደ ፍሬሙ ግፉት፣ መልሳችሁ ሳቡት። ሁለቱም ክራንኮች አብረው ከተወላወሉ፣ የላላው ቦተም ብራኬቱ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ የሚወላወለው፣ የዚያ ክራንክ ብሎን ላልቷል ማለት ነው።

ቦተም ብራኬት የምንለው ሁለቱን ክራንኮች የሚያገናኘውን ዘንግና ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች ነው። መኖሪያው በፍሬሙ ታችኛው ጥግ ያለው አጭር ቱቦ ነው። ከጎማው የሚረጨው ጭቃ እዚያው ነው የሚያርፈው። በመቀመጫው ቧንቧ የሚገባው የዝናብ ውሃም ቁልቁል ወርዶ እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ክረምት ሲወጣ አንድ ጊዜ ፈትቶ ማየት ተገቢ ነው።

ዘንጉ ጫፉ አራት ማዕዘን ከሆነ (የብዙዎቻችን ሳይክል እንደዚያ ነው) ክራንኩ በመዶሻ አይወጣም። ማውጫ መሣሪያ አለው። መጀመሪያ ብሎኑ በ8 ቁጥር አለን ወይም በ14 ቁጥር መፍቻ ይፈታል። ከብሎኑ ሥር ሮንዴላ ካለ እሱም መውጣት አለበት። ከዚያ የክራንኩን ጥርስ (ማውጫው የሚጠመድበትን የብሎን ጥርስ) በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱና ማውጫውን በእጅ እስከ መጨረሻው አስገቡት። እስከ መጨረሻው! እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ዙር ብቻ አስገብቼ በመፍቻ መጫን ጀመርኩ። ክራንኩ አሉሚኒየም፣ ማውጫው ብረት ነው። ጥርሱን ልጦት ወጣ። ክራንኩ ግን ንቅንቅ አላለም።

አሁን ወደ ግልባጩ ነገር እንምጣ። በስፋት የሚሠራበት የእንግሊዝ ልክ ነው፤ የቱቦው ወርድ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቦተም ብራኬቱ ከግራም ከቀኝም በጥርስ ቱቦው ውስጥ ይታሰራል። በዚህ ልክ የግራው ጎን እንደማንኛውም ብሎን ይፈታል። ቀኙ፣ ማለትም ካቴናው ያለበት ጎን፣ የሚፈታው ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሊፈታ ብሎ ያጠብቀዋል። እምቢ ሲለው በመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ይጨምርበታል። መጨረሻው የፍሬሙ ጥርስ መበላት ነው።

ለምን እንዲህ ተሠራ? ሲያስቡት፣ ጥርሱ መደበኛ ቢሆን ዘንጉ ሲዞር ኩሽኔታውን ይዞት መዞርና ማጥበቅ የነበረበት ይመስላል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እርሳስ በጭብጣችሁ ላላ አድርጋችሁ ያዙና ጫፉን በክብ አዙሩት። እርሳሱ ራሱ በግልባጭ ሲሽከረከር ይሰማችኋል። ቦተም ብራኬትም በፍሬሙ ውስጥ በዓይን የማትታይ ክፍተት አለችው። የእግራችን ጫና ቦታ በቀያየረ ቁጥር በዚያች ክፍተት እየተንከባለለ ወደ ኋላ ይዞራል። ቀኙ መደበኛ ጥርስ ቢኖረው በራሱ ጊዜ ይፈታ ነበር። ጣሊያኖች ግን በ70 ሚሊ ሜትሩ ልካቸው ሁለቱንም ጎን መደበኛ አድርገውታል፤ ቀኙ የመላላት አመል ያለውም ለዚህ ነው። ካቴናና ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት ከነሱ ወስደናል፤ ጥርሱን ግን ከእንግሊዝ ብንወስድ ይሻላል።

ለእንግሊዙ ልክ እኔ የምይዛት ዘዴ ይቺ ናት፦ ሳይክሉ ቆሞ፣ መፍቻው ሽቅብ ሲቆም፣ እጀታውን ወደ ፊተኛው ጎማ መግፋት ይፈታል፤ ወደ ኋላ መሳብ ያጠብቃል። ለሁለቱም ጎን ይሠራል። ፔዳሎቹ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ እዚያ በግልባጭ የተሠራው ግራው ነው።

የሚወጣው ነገር ድፍን ሲሊንደር ከመሰለ የታሸገ ነው። በጣታችሁ አዙሩት። አሸዋ እንደያዘ ከተንኮሻኮሸ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ጥርሱንና የፍሬሙን ውስጥ ብቻ ጥረጉ። የድሮው ዓይነት ከሆነ ግን ኳሶች ይረግፋሉ፤ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ። አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ 11 ናቸው። ሁሉንም በላምባ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ። ከዚያ ኳሶቹ የሚሮጡበትን መንገድ ብርሃን ላይ እዩት። ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው ግሪስ አያድነውም። ደህና ከሆነ ኳሶቹን በአዲስ ቀይሯቸው፤ ርካሽ ናቸው። ግሪሱን አትሰስቱ። ኳሶቹን ይዞ የሚያቆያቸውም እሱ ነው።

ስትገጥሙ የፍሬሙንም ጥርስ ግሪስ ቀቡና የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት ብቻ አስገቡ። በጣት አልገባ ካለ ተጣሞ ይዟል፤ አውጡና እንደገና ጀምሩ። የክራንኩ ብሎን ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር (የማዞር ኃይል መለኪያ ነው) ይጠብቃል። 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላም ብሎኖቹን አንድ ጊዜ መልሳችሁ አጥብቋቸው።