«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»፦ ሥራ ለመልቀቅ ለሚያስብ ሰው

«ሥራዬን ልለቅ ነው» ያለ ሰው ከዘመድም ከባልደረባም ቶሎ የሚወረወርበት ተረት ይህ ነው። ሌላ ሲመኝ በእጁ ያለውን ያጣን ሰው ይተቻል። ብዙ ጊዜ ግን «አርፈህ ተቀመጥ» ለማለት ብቻ ስለሚውል ግማሹ ትርጉም ይቀራል።

ቆጥ በባህላዊ ቤት ውስጥ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ዶሮም ያድርበታል። ሴትዮዋ አንድ ነገር ብብቷ ሥር እንደሸጎጠች ወደ ላይ ተንጠራራች። ክንድ ሲነሳ ብብት ይከፈታል፤ የተሸጎጠው ይወድቃል። ጥፋቷ ከቆጡ ማውረድ መፈለጓ አይደለም። የያዘችውን መጀመሪያ አንድ ቦታ ብታኖረው ኖሮ ሁለቱም የእሷ ነበሩ። ስለዚህ ተረቱ ከምኞት ይልቅ ስለ ቅደም ተከተል ይናገራል ማለት ይቻላል።

ለመልቀቅ የሚፈራ ሰው ብብቱ ሥር ያለውን ሲቆጥር መሳሳቱ የተለመደ ነው። «8 ዓመት የለፋሁበት ነው» ይላል። ያለፈው 8 ዓመት ግን ቢቆይም ቢሄድም አይመለስም፤ የተማረው ሙያም አብሮት ይሄዳል። ሊወድቅ የሚችለው ሌላ ነው፦ የወር ደመወዝ፣ የሕክምና ሽፋን፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ ከአሠሪ የተወሰደ ብድር ስምምነት፣ መልካም ስም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማን እና ኤሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት ማጣት በሰው ላይ የሚያሳድረው ስሜት ያንኑ ያህል ማግኘት ከሚያሳድረው ይበረታል። ፍርሃቱ እንዳያጋንነው እያንዳንዱን በቁጥር ጽፎ ማየት ይሻላል።

ግን መሄድ ያስፈልጋል ወይ? እዚህ ላይ ድካምንና ባዶነትን መለየት ግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው ከሥራ ጫና የሚመጣን መዛል በሦስት ምልክቶች ይገልጸዋል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም በሥራው መማረር፣ ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። በበሽታነት አልመደበውም፤ በቅጡ ካልተያዘና ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው የሚለው። ስልክና ኢሜይል የማይገባበት የ2 ሳምንት እረፍት ወስደው ፍላጎትዎ ከተመለሰ፣ ችግሩ ጫናው ሳይሆን አይቀርም። ሰውነት አርፎ ልብ ያው ከሆነ ግን ጥያቄው ወደ ሥራው ራሱ ይዞራል።

ይህንንም በስሜት አይወስኑት። ለ4 ሳምንታት ማታ ማታ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ ዛሬ ሰዓቱ ሳይታወቀኝ ያለፈው ምን ስሠራ ነው? የከበደኝስ ሰው ነው፣ ገንዘብ ነው፣ የሥራው ብዛት ነው ወይስ ሥራው ራሱ? መጨረሻ ላይ ይቁጠሩ። «ሰው ነው» የሚለው መልስ ከበዛ የክፍል ዝውውር፣ «የሥራው ብዛት» ከሆነ ሥራ መቀነስ ይጠየቃል፤ ጥያቄውም ቀን ይቆረጥለት፣ ለምሳሌ 3 ወር። «እናያለን» ተብሎ ቀኑ ሁለቴ ካለፈ መልሱ ተሰጥቷል። «ሥራው ራሱ» የሚለው ከበዛ ደግሞ የደመወዝ ጭማሪ ብዙም አይፈውሰውም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ሐሳብም ይህ ነው፦ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሲጎድሉ ያስከፋሉ፣ ሲሟሉ ግን በራሳቸው እርካታ አይሰጡም፤ እርካታ የሚመጣው ከሥራው ይዘት፣ ከኃላፊነትና ከዕድገት ነው። መልቀቂያ ሲያስገቡ ጭማሪ ቢቀርብልዎ ማስታወሻውን ገልጠው ያስተያዩት። ይህን ሳይለይ የሚሄድ ሰው ያንኑ ሥራ በሌላ ስም ያገኛል፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንበታል።

የብብቱን ማስቀመጥ ማለት እንግዲህ ሒሳብ ነው። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕዳና ለቤተሰብ የሚሰጠውን ደምረው የማይቀረውን የወር ወጪ ያግኙ። ከ3 እስከ 6 ወር የሚያዘልቅ ቁጠባ የተለመደ መነሻ ነው፤ የሚያስተዳድሩት ሰው ካለ ወይም በሙያዎ ቅጥር የሚዘገይ ከሆነ ይጨምሩ። ከዚያ ውሉን ያንብቡ፦ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት ነው? ለሥልጠና የገቡት የአገልግሎት ግዴታ አለ? የዓመቱ ጉርሻ የሚከፈለው መቼ ነው? ከጉርሻው ጥቂት ቀን ቀድሞ ወጥቶ የሚያጣው ጥቂት ሰው አይደለም።

ትልቁ ስህተት በቃል ተስፋ መልቀቅ ነው። «ሰኞ ትጀምራለህ» ያለ ኃላፊ በጀት ሊታጠፍበት፣ አለቃው ሊከለክለው ይችላል። ደመወዝ፣ የሥራ መደብና የመጀመሪያ ቀን የሰፈረበት፣ ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ደብዳቤ ሳይያዝ መልቀቂያ አይገባም። ከተፈረመ በኋላም ቁጠባው የሙከራ ጊዜው እስኪያልፍ ባይነካ ይመረጣል፤ በሙከራ ላይ ያለን ሠራተኛ ማሰናበት ቀላል ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ ደግሞ ገና ግቢው ውስጥ እያሉ የሚያልቁ ጉዳዮች ናቸው፤ ከወጡ በኋላ ይጓተታሉ።

ተረቱ የማይሠራበት ቦታም አለ። በሐሰተኛ ሰነድ ላይ እንዲፈርሙ ከተጠየቁ፣ ትንኮሳ ከደረሰብዎ፣ ወይም ሐኪም ሥራው ጤናዎን እየጎዳ ነው ካለ 6 ወር እስኪቆጠብ አይጠበቅም። የውልዎን፣ የደመወዝ ማስረጃዎንና ያቀረቡትን አቤቱታ ቅጂ ቤት ያኑሩ፤ የድርጅቱን ምስጢራዊ ሰነድ ግን አይንኩ፣ በኋላ ክስ ሊያመጣ ይችላል። ጊዜ ካለ መልቀቂያውን ከመፈረምዎ በፊት የሥራ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ፤ «በራሴ ፈቃድ» ብሎ መልቀቅ በአንዳንድ ሕጎች ካሳ የመጠየቅ መብትን ያጠባል።