የሙዚቃ ጋዜጠኛ ሲያርፍ፦ ባልደረቦቹ እንዴት ያስታውሱታል?

ዘፋኝ ሲሞት ድምፁ ይቀራል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ዘፈኖቹን ይለቃል፤ ታክሲ ውስጥም ካፌ ውስጥም የሚሰማው እሱ ብቻ ይሆናል። የሙዚቃ ጋዜጠኛ ሲሞትስ ምን ይለቀቃል? የጻፈው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ ተነቦ፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ተጠቅልሎበት ያለቀ ነው። በሬዲዮ ያወራውም አየር ላይ ውሎ በዚያው ሄዷል። ከሁሉም በላይ የሚቀረው ለሙዚቀኞች የዋለው ውለታ ነው። ውለታው ደግሞ የሚጠራው በሙዚቀኞቹ ስም ነው።

ስለዚህ የማስታወሱ ሥራ ባልደረቦቹ ላይ ይወድቃል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ባለፉት 50 ዓመታት ይህ ሥራ የራሱን ወግ አበጅቷል። ዜና ዕረፍት ይጻፋል፣ የመታሰቢያ ፕሮግራም ይሠራል፣ ኮንሰርት ይዘጋጃል። ቆየት ብሎም ጽሑፎቹ ተለቅመው መጽሐፍ ይሆናሉ፣ ሸክላዎቹ ይደራጃሉ፣ በስሙ ሽልማት ይቋቋማል። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። እንደኔ እንደኔ፣ ደህና መታሰቢያ ማለት ሟቹ ጀምሮት የነበረውን ሥራ የሚያስቀጥል ነው። ቀሪው ለወጉ ያህል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሚመጣው ዜና ዕረፍት ነው። ትልልቅ ጋዜጦች የታዋቂ ሰዎችን ዜና ዕረፍት ሰውየው በሕይወት እያለ ጽፈው ያስቀምጣሉ። ለሙዚቃ ጋዜጠኛ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ዝግጅት አይደረግለትም። መርዶው ይሰማል፣ ኤዲተሩ ለአንድ የሟች ጓደኛ ይደውላል፣ ጓደኛው ኀዘኑን ዋጥ አድርጎ ማታውን ጽፎ ያስረክባል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጸሐፊው ሰውየውን ያውቀዋል። ጉዳቱም እዚያው ነው። ከሦስተኛው አንቀጽ ጀምሮ ጽሑፉ «እኔና እሱ» ይሆናል። አብረን ያየነው ኮንሰርት፣ አብረን የጠጣነው ቢራ፣ ስለ እኔ የተናገረው ጥሩ ነገር። ሟቹን ሊያስታውስ ተነስቶ ራሱን የሚያስታውስ ሰው በየአገሩ አለ፤ እኛም ጋ አይጠፋም።

ገንዘብም ከጉዳዩ አይርቅም። ከእነዚህ ጋዜጠኞች ብዙዎቹ በጻፉት ልክ የሚከፈላቸው ፍሪላንሰሮች ናቸው፤ ቋሚ ደሞዝም ጡረታም የላቸውም። ስለዚህ ከቀብሩ በኋላ የሚዘጋጀው ኮንሰርት አንዳንዴ ለቤተሰቡ ገንዘብ ማሰባሰቢያም ይሆናል። መድረክ ላይ የሚወጡት ደግሞ ገና ማንም ሳያውቃቸው ሟቹ የጻፈላቸው ሰዎች ናቸው።

ባልደረቦች እንዲህ ያለውን ሰው ለምን እንደሚወዱት ለመረዳት አንድን ሰው ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ጋዜጠኛና የሬዲዮ አቅራቢ ቻርሊ ጊሌት በ1942 በሰሜን እንግሊዝ፣ ሞርካምብ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። ካምብሪጅ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ተማረ። ከዚያ ኒውዮርክ ወደሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ለሁለተኛ ዲግሪው የሮክ ኤንድ ሮልን ታሪክ አጠና። በጊዜው ይህ ቀልድ ሊመስል የሚችል ርዕስ ነበር። ጥናቱ አድጎ በ1970 መጽሐፍ ሆነ። መጽሐፉ ስለ ኮከቦች ብቻ አያወራም። ትንንሽ የሸክላ አሳታሚዎች በየከተማው ትልልቆቹን ኩባንያዎች እንዴት እንደተገዳደሩ ያሳያል። ኢኮኖሚክስ መማሩ ጠቀመው ማለት ነው።

በ1972 በቢቢሲ ሬዲዮ ለንደን «ሆንኪ ቶንክ» የሚል የእሁድ ፕሮግራም ጀመረና እስከ 1978 ያዘው። የቅጂ ውል የሌላቸው ሙዚቀኞች የሙከራ ካሴታቸውን ይዘው የሚሄዱት እሱ ጋ ነበር። በ1977 ዳየር ስትሬይትስ የሚባል፣ ማንም የማያውቀው ባንድ ካሴቱን ሰጠው። ጊሌት አየር ላይ አዋለው። ብዙም ሳይቆይ ባንዱ ውል ፈረመ። ኤልቪስ ኮስቴሎም ገና ስሙ ሳይታወቅ የተሰማው በዚሁ ፕሮግራም ነው። ጊሌት በጎን ከጓደኛው ጋር ኦቫል የሚባል ትንሽ የሙዚቃ አሳታሚ አቋቁሞ ነበር፤ የዘፋኙን የኢያን ዱሪን የመጀመሪያ ባንድም ለጥቂት ጊዜ በማኔጀርነት መርቷል። እሱ ራሱ ግን ሀብታም ወይም ኮከብ ልሁን ብሎ የሚሮጥ ሰው አልነበረም።

በኋላ ካፒታል ሬዲዮ ገባ። በ1983 ጣቢያው አሰናበተው። አድማጮች ጮኹ፣ ጻፉ፣ ጣቢያውም መለሰው። የሚገርመው ከተመለሰ በኋላ የሠራው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወንበሩን ለመጠበቅ የሚታወቀውን ሙዚቃ ያስደምጥ ነበር። እሱ ግን ከአፍሪካ፣ ከላቲን አሜሪካና ከሌላው ዓለም የመጡ ሸክላዎችን ማጫወት ያዘ። ሴኔጋላዊው ዩሱ ንዱር፣ ማሊያዊው ሳሊፍ ኬይታና ፖርቱጋላዊቷ ማሪዛ ለእንግሊዝ አድማጭ እንግዳ በነበሩበት ጊዜ ከጎናቸው ከቆሙት አንዱ እሱ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ የሚወደድ አንድ ጨዋታ ነበረው፤ «ሬዲዮ ፒንግ ፖንግ» ይለዋል። እንግዳው የራሱን ሸክላዎች ይዞ ይመጣል። አንዱን ያስደምጣል። ጊሌት ለዚያ መልስ የሚሆን ከራሱ ክምር ይመርጣል። እንግዳው ደግሞ ለእሱ ይመልሳል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሁለቱም አያውቁም። ቃለ መጠይቅ ይባላል እንጂ ጥያቄው ዘፈን፣ መልሱም ዘፈን ነበር። ዛሬ በፖድካስት ዘመን ይህን የሚያህል ቀላልና ጥሩ ሐሳብ ብዙ አላየሁም።

ጁን 29 ቀን 1987 ለንደን ውስጥ ኢዝሊንግተን በሚባለው ሰፈር፣ «ኤምፕረስ ኦፍ ሩሲያ» የተባለ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ስብሰባ ተደረገ። የትንንሽ አሳታሚ ባለቤቶች፣ ጋዜጠኞችና ዲጄዎች ነበሩ፤ ጊሌትም አብሯቸው ነበር። ችግራቸው የሱቅ ችግር ነው። ከማሊ ወይም ከቡልጋሪያ የመጣ ሸክላ በሙዚቃ ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት መደርደሪያ የለውም። ባለሱቁ የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል፣ ስለዚህ አያዝዘውም። ተሰብሳቢዎቹ ገንዘብ አዋጥተው አንድ የመደርደሪያ ስም አወጡለት፤ «ወርልድ ሚዩዚክ»። ስሙ በኋላ ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም ልክ ነው። የምዕራቡን ሙዚቃ ሙዚቃ ብሎ የቀረውን ዓለም በአንድ ጆንያ መክተት ነው። ለዚያ ቀን ችግር ግን ሠርቷል።

እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ በጎን ይገባል። ከስብሰባው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1986፣ ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጂየም አሳታሚ የማሕሙድ አሕመድን «ኤረ መላ መላ» ለአውሮፓ ገበያ አውጥቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪሱ ቡዳ ሚዩዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ጀመረ። በ2007 ማሕሙድ የቢቢሲ ሬዲዮ 3ን የወርልድ ሚዩዚክ ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ አሸነፈ። ማሕሙድን ጊሌት አገኘው እያልኩ አይደለም። ማሕሙድ አዲስ አበባ ላይ ድሮም ማሕሙድ ነበር። ግን ያ መደርደሪያ፣ ያ ሽልማትና ያ አድማጭ የተፈጠሩት እንደ ጊሌት ያሉ ሰዎች ለዓመታት በሠሩት ሥራ ነው።

ጊሌት ከ1999 ጀምሮ በቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ ሳምንታዊ ፕሮግራም ነበረው፤ የለንደን ሰው ብቻ ሳይሆን ዓለም ሰማው። ለረጅም ጊዜ ታሞ ማርች 17 ቀን 2010 በ68 ዓመቱ አረፈ። የሚያስታውሱት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር ነው። ወሬ አያበዛም። ዘፈኑን አስተዋውቆ ዞር ይላል።

ጆን ፒል ደግሞ ከዚህ በእጅጉ የሰፋ መታሰቢያ አግኝቷል። ፒል ዲጄም አምደኛም ነበር። ቢቢሲ ሬዲዮ 1 በ1967 ሥራ ሲጀምር ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ አልወጣም። ኦክቶበር 25 ቀን 2004 ፔሩ ውስጥ፣ ኩዝኮ ከተማ፣ በ65 ዓመቱ በልብ ድካም ድንገት አረፈ። መርዶው በተሰማ ዕለት ሬዲዮ 1 መደበኛ ፕሮግራሙን ትቶ ስለ እሱ ብቻ አወራ፣ የሚወዳቸውን ዘፈኖችም አስደመጠ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ እጅግ ይወደው ከነበረው፣ አንደርቶንስ ከተባለው ባንድ ዘፈን አንድ ስንኝ ተቀርጿል።

በማግሥቱ ዓመት ኦክቶበር 13 ቀን «የጆን ፒል ቀን» ተብሎ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ብዙ ኮንሰርቶች ተደረጉ። ቀኑ የተመረጠው የመጨረሻ ፕሮግራሙን ካቀረበበት ጊዜ ጋር እንዲገጥም ነው፤ ከሞተበት ቀን ጋር አይደለም። ይህን እወደዋለሁ። ሰው የሚታወሰው ሥራ ላይ በነበረበት ቀን ቢሆን ምን አለበት?

ከሁሉም የሚያስቀናው ግን የሸክላ ክምችቱ ነው። ከ26 ሺህ በላይ አልበሞች ነበሩት፤ ነጠላ ሸክላዎቹ ከዚያም ይበዛሉ። አልበሞቹን ቁጥር እየሰጠ፣ በታይፕራይተር በትንንሽ ካርዶች ላይ ይመዘግባቸው ነበር። በ2012 በስሙ የተቋቋመው ማዕከል ከቢቢሲ ጋር ሆኖ ክምችቱን በኢንተርኔት ለሕዝብ ማሳየት ጀመረ። ከእንግሊዝኛው ፊደል ኤ ተነስተው ከእያንዳንዱ ፊደል የመጀመሪያዎቹን 100 ሸክላዎች ከነካርዶቻቸው አቀረቡ። አንዳንዱን ካርድ ሳየው እንደ ዕድር መዝገብ ነው የሚመስለኝ፤ ደረቅ፣ ሥርዓት ያለው፣ ግን ሰውየው ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ።

ለጽሑፍ ሰው የሸክላ ካርድን የሚተካው የጽሑፍ ስብስብ ነው። ሌስተር ባንግስ ኤፕሪል 30 ቀን 1982 ኒውዮርክ ውስጥ ሲሞት ገና 33 ዓመቱ ነበር። በዲትሮይቱ ክሪም መጽሔት ላይ ያለ ልጓም ይጽፍ ነበር፤ የሚጽፈውም ብዙ ነበር። ብዙው ጽሑፍ በየመጽሔቱ ተበትኖ ቀረ፣ ያልታተመም ነበረው። ጓደኛው ግሬል ማርከስ ያን ሁሉ አገላብጦ፣ መርጦና አርሞ በ1987 አንድ መጽሐፍ አደረገው። ዛሬ ባንግስን የሚያነብ ወጣት ያገኘው በዚያ መጽሐፍ ነው። ችግሩ፣ ባንግስ ከሞተ በኋላ ተረት ሆነ። ሰካራሙ፣ ተሳዳቢው፣ እንቅልፍ የለሹ ጎበዝ። እሱን የሚኮርጁ ብዙዎች ስድቡን እንጂ ሥራውን አልወሰዱም።

ኤለን ዊሊስ ረዘም ያለ ጊዜ ጠብቃለች። በ1968 የኒውዮርከር መጽሔት የመጀመሪያዋ የፖፕ ሙዚቃ ሐያሲ ሆነች፤ ለሰባት ዓመት ያህልም ጻፈች። በኖቬምበር 2006 አረፈች። የሙዚቃ ጽሑፎቿ በአንድ መጽሐፍ የወጡት ግን በ2011 ነው። የሰበሰበችውም ልጇ ኖና ናት። ስለ ሮክ ጽሑፍ ታሪክ በየመድረኩ ሲወራ የሚጠሩት ስሞች ለረጅም ጊዜ የወንዶች ነበሩ። ባልደረቦች ማንን እንደሚያስታውሱ ብቻ ሳይሆን ማንን እንደሚያዘገዩም ማየት ተገቢ ነው።

ግሬግ ቴት ግን በቶሎ ታውሷል። በኒውዮርኩ ቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ላይ ስለ ሂፕ ሆፕ፣ ስለ ጃዝና ስለ ጥቁሮች ጥበብ የጻፈው፣ ከእሱ በኋላ የመጣ ትውልድ በሙሉ አጻጻፍ የተማረበት ነው። ሙዚቀኛም ነበር፤ በ1985 ብላክ ሮክ ኮአሊሽን የተባለውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በርንት ሹገር የተባለ ትልቅ ባንድም ይመራ ነበር። ዲሴምበር 7 ቀን 2021 በ64 ዓመቱ ሲያርፍ ማኅበራዊ ሚዲያው በጽሑፎቹ ጥቅሶች ተጥለቀለቀ። በ2024 የፑሊትዘር ቦርድ ልዩ የክብር ዕውቅና ሰጠው። በሕይወት እያለ ቢሰጠው ምን ነበረበት? ባንዱ ግን ከእሱ በኋላም መጫወቱን አላቆመም፤ ለእኔ ከሽልማቱ የሚበልጠው እሱ ነው።

ስምን በማኖር ረገድ ደግሞ የተለየው ራልፍ ግሊሰን ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል አምደኛ ነበር፤ በ1967 ከጃን ዌነር ጋር ሮሊንግ ስቶን መጽሔትን መሠረተ። በ1975 ሞተ። መጽሔቱ ግን ስሙን ከአዘጋጆቹ ዝርዝር ውስጥ አላወጣም፤ ለአሥርተ ዓመታት ከሕያዋኑ ጋር ታትሟል። በስሙ የሙዚቃ መጻሕፍት ሽልማትም ተቋቁሟል። የመድረክ ስም ይህን ያህል አይጸናም። የእንግሊዙ የግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል በ2005 አንዱን ድንኳን በፒል ስም ሰይሞ ነበር፤ በ2023 ስሙን ለወጠው።

እስካሁን መላ ያልተገኘለት የሬዲዮው ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉት ዘፈኖች ባለመብት አላቸው፤ እንደገና ለማሰራጨት ፈቃድና ክፍያ ይጠይቃል። ያኔ ደግሞ ቴፕ ውድ ስለነበር ጣቢያዎች የድሮውን አጥፍተው በላዩ ላይ አዲስ ይቀዱበት ነበር። የፒልን ፕሮግራሞች ያተረፉት በብዛት አድማጮች ናቸው። ማታ ማታ ሬዲዮናቸው አጠገብ ቁጭ ብለው በካሴት የቀዱ ሰዎች፣ ከዓመታት በኋላ ቅጂዎቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው፣ ቀኑንና የዘፈኖቹን ዝርዝር ጽፈው እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ዛሬ የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ፕሮግራሞች መስማት የሚፈልግ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነሱን በር ነው።