ከአምስት ኪሎ እስከ ቂሊንጦ፦ የኢንጂነሪንግ ድህረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዳር

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። ያሳዝናል። ምክንያቱም በዚያው አካባቢ፣ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ስለ ግቢው የተጻፈ ነገር ፍለጋ ብትወጡ የምታገኙት አብዛኛው የመግቢያ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ያለውን ሰብሰብ አድርጌ ላቅርብ።

መጀመሪያ ኢንጂነሪንግ የመሀል ከተማ ትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 አምስት ኪሎ ላይ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ተከፈተ፣ በዓመቱ ደግሞ ከስዊድን ጋር በመተባበር የሕንፃ ኮሌጁ ተቋቋመ፣ ዛሬ ልደታ ያለው ማለት ነው። ማስተርስ የፈለገ ግን ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በደርግ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ነገሩ የተለወጠው ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ እንደ አሸን ሲፈሉ ነው። ሁለትና ሦስት የነበሩት ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። በዚያ ላይ 70/30 መጣ፤ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር የሚለው ፖሊሲ። ተማሪው ተገኘ፣ አስተማሪው ከየት ይምጣ? በመጀመሪያ ዲግሪ ክፍል የገባው ወጣት መምህር በስፖንሰር ማስተርስ ይላክ ጀመር። ዛሬም ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ክፍል ብትገቡ ከክልል ዩኒቨርሲቲ የተላከ መምህር አታጡም። ይህ ሁሉ ጥራቱን ጎድቷል የሚሉ አሉ። ትንሽ እውነት አለው መሰለኝ፤ ግን ያኔ ሌላ አማራጭ ነበረ ወይ?

የቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በዚህ ግርግር መሀል፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2004 ተማሪ ተቀበለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱና የአዳማው አቻው ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥተው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተዛወሩ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪም በራሳቸው ፈተና መርጠው መቀበል ጀመሩ። ጎበዝ ጎበዙን ለቀሙት የሚል ቅሬታ ያኔም ነበር፣ አሁንም አለ። እኔ ቅሬታው አይገባኝም፤ አንድ ሀገር ሁለት የተመረጡ የቴክኖሎጂ ግቢዎች ቢኖሯት ምን ችግር አለው? ሚኒስቴሩ ራሱ ሲፈርስና ሲዋሃድ ሁለቱ በመጨረሻ ተመልሰው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ገብተዋል።

መሪ ቃሉ «ዩኒቨርሲቲ ለኢንዱስትሪ» ነው። ቦታውም ለዚህ ይመቻል። አቃቂ የድሮ የፋብሪካ ሰፈር ነው፣ ቂሊንጦ ደግሞ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶለታል፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም ቱሉ ዲምቱ ይጀምራል። ምርምሩ በ8 የልህቀት ማዕከላት ተከፋፍሏል። ዘላቂ ኃይል፣ ማዕድን፣ ናኖቴክኖሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ፣ የግንባታ ጥራት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሮቦቲክስ፣ ከፍተኛ አቅም ያለው ኮምፒውቲንግ፣ በመጨረሻም የኑክሌር ሪአክተር ቴክኖሎጂ። የመጨረሻው ላይ ሰው ፈገግ ይላል፤ ሪአክተር የሌለው አገር ምን ሊያደርግበት ነው እያለ። ሪአክተር ከተገዛ በኋላ ነው እንዴ ሰው የሚሠለጥነው?

ማስተርስ በደንቡ ሁለት ዓመት ነው። አንደኛው ዓመት በኮርስ ያልፋል፣ ሁለተኛው በቴሲስ፣ በመመረቂያ ጥናት ማለት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ የሲቪል ተማሪ የቡና ገለባ አመድ ወይም የተፈጨ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በከፊል ሲሚንቶን ይተካ እንደሆነ ይመረምራል እንበል። 15 ሴንቲሜትር በ15 የሆኑ የኮንክሪት ኩቦችን ይሞላል፣ በማግስቱ ከቅርጹ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይከታል፣ ገሚሱን በ7ኛው፣ ቀሪውን በ28ኛው ቀን ማሽን ላይ አስቀምጦ እስኪሰበር ይጫነዋል። ድብልቁ በየመጠኑ ይደጋገማል። በ28ኛው ቀን መብራት ከጠፋ ወይም ማሽኑ ከተበላሸ የዚያን ቀን ውጤት ማግኘት አይቻልም፣ ሌላ ኩብ ሞልቶ ሌላ 28 ቀን መጠበቅ ነው። የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ ውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) ፍለጋ መርካቶ ይንከራተታል። ሁለት ዓመቱ ሦስት የሚሆነው በስንፍና ብቻ አይደለም። ከዚያ ዲፌንስ፣ ማለትም ጥናቱን አቅርቦ መከላከል፣ ይመጣል፤ ከውጭ የተጋበዘ መርማሪ፣ የውስጥ መርማሪና አማካሪው ባሉበት።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለማመልከት አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ሰው ጋት ይለዋል። ኢንጂነሩን የሚያስፈራው ሂሳቡ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው ይባላል።

አምስት ኪሎ አሁንም አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል እዚያ ነው። ቀላል ባቡሩ ግን ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ለቂሊንጦ ልጅ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ነው።

በሌላኛው የከተማዋ ጫፍ፣ እንጦጦ ላይ፣ የጠፈር ምልከታና ምርምር ማዕከል አለ። ከባህር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ማዕከሉ በአስትሮኖሚ፣ በርቀት ዳሰሳና በጂኦዴሲ (የምድርን ቅርጽና ልክ በሚያጠናው ዘርፍ) ማስተርስና ፒኤችዲ ሲያስተምር ቆይቷል። ታኅሣሥ 2012 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚያው ነው። ቦታው ለቴሌስኮፕ ይመቻል ወይ የሚለው ያከራክራል። የከተማው መብራት ከሥር እየጨመረ ነው፣ ክረምቱን ደግሞ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ለትልቅ ቴሌስኮፕ የላሊበላ ተራሮች የተጠኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ለማስተማሪያ ግን፣ ከአራት ኪሎ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሚደረስበት ቴሌስኮፕ የተሻለ አይገኝም።