ቪምና ኢማክስ፦ የሁለት ኤዲተሮች ታሪክና ፉገራ

ቪምና ኢማክስ ኮድ የሚጻፍባቸው ነፃ ሶፍትዌሮች ናቸው። ደጋፊዎቻቸው ሲፎጋገሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ከሚሳሳቁባቸው ቀልዶች ብዙዎቹ የወጡት ከዚሁ ፉክክር ነው።

ሁለቱም መነሻቸው እ.ኤ.አ. 1976 ነው። ቢል ጆይ በርክሌይ ተማሪ ሳለ የቪም አባት የሆነውን ቪአይን ጻፈ። ኢማክስ ደግሞ በኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ በእነሪቻርድ ስቶልማን ተጀመረ፤ ዛሬ የምናውቀው ግኑ ኢማክስ የወጣው በ1985 ነው። ቪም፣ ማለትም የተሻሻለው ቪአይ፣ በ1991 መጣ። የሠራው ኔዘርላንዳዊው ብራም ሙለናር ነው፤ መጀመሪያ ለአሚጋ ኮምፒዩተር ነበር።

ቪም ላይ ከርሰሩን የሚያንቀሳቅሱት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ናቸው። ጆይ የሠራበት ኤዲኤም-3ኤ የሚባል ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ) ቀስቶቹ የታተሙት እነዚህ ፊደላት ላይ ስለነበር ነው። አዲስ ገቢን የሚያስጨንቀው ግን መውጫው ነው። ኢስኬፕ፣ ከዚያ ኮለን፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ኢንተር፤ በቃ። ይህን ያልሰማ ሰው ዝም ብሎ ፊደል ይነካካል፣ «ዲ»ን ሁለቴ ሲመታ ሙሉ መስመር ብን ብሎ ይጠፋበታል። ስታክ ኦቨርፍሎው በሚባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረ ገጽ ላይ «ከቪም እንዴት ነው የሚወጣው?» የሚለው ጥያቄ በ2017 ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መታየቱ ተነግሯል። ቀልዱም አለ፦ ማንም ሊገምተው የማይችል ፓስወርድ ከፈለግህ ፍሬሽማን ቪም ፊት አስቀምጥና ውጣ በለው።

ኢማክስ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። ቴትሪስ አለ። «ዶክተር» የሚባል ትእዛዝም አለ፤ ችግርህን ስትነግረው እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም መልሶ ይጠይቅሃል። የቪም ሰዎች «ግሩም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፣ የጎደለው ደህና ኤዲተር ብቻ ነው» ይሉታል። ስቶልማን ራሱ ካባ ለብሶ፣ የድሮ ሃርድ ዲስክ ሳህን እንደ አክሊል ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ «የኢማክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ» ነኝ ይላል። ቪ፣ አይ ሦስት ጊዜ ሲጻፍ በሮማውያን ቁጥር 666 ይመስላል፤ ቢሆንም ነፃውን ቪአይ መጠቀም ንስሐ እንጂ ኃጢአት አይደለም ብሎ ፈርዷል። የትኛው ይሻላል የሚለው አከራካሪ ነው፤ ለእጅ ፍጥነት ግን ቪምን የሚያህል ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ለኢማክስ መመስከር አለብን። ኮንትሮልና ኤች፣ ቀጥሎ ኤች ሲጫኑ በዓለም ቋንቋዎች የተጻፈ የሰላምታ ፋይል ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «አማርኛ» ይልና አጠገቡ «ሠላም» አለ፤ ያውም በንጉሡ ሠ። በግዕዝ ፊደል መጻፊያም አብሮት ይመጣል።

ቪም ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካን ያስታውሳል። ባዶውን ሲከፍቱት የኡጋንዳን ችግረኛ ልጆች እርዱ የሚል መልእክት ይታያል። ሙለናር በ1994 ኪባሌ በሚባል አካባቢ በበጎ ፈቃድ አገልግሎ ነበር። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የወደደው ሰው ለኪባሌ ልጆች እንዲለግስ ብቻ ይለምናል። ሙለናር በኦገስት 2023 አረፈ፤ በ2024 መጀመሪያ የወጣው ቪም 9.1 ለእሱ መታሰቢያ ሆነ። ሥራውን አሁን ማኅበረሰቡ ይዞታል።

ናኖ የሚባል ቀለል ያለ ኤዲተርም አለ። መውጫው ስክሪኑ ግርጌ ተጽፎበታል፣ ስለዚህ ብዙም ቀልድ አልወጣለትም።