ዎርልድስኪልስ ምንድን ነው? የሜዳሊያ ብዛትስ የሀገርን የሙያ ሥልጠና ይለካል?

በብየዳ የሚወዳደር ወጣት ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ ከብረት ላሜራና ከቧንቧ ገጣጥሞ የሚበይደው ዝግ ታንክ ነው። ሲጨርስ ዳኞቹ ታንኩን ውሃ ሞልተው በፓምፕ ከፍተኛ ግፊት ይጭኑበታል። የብየዳው መስመር የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከአንድ ጥግ ውሃ ጠብ ካለ የዚያ ፈተና ነጥብ ይሄዳል። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሌላው ጡብ ይደረድራል፤ የግድግዳው ቀጥተኛነት በሚሊሜትር ይለካል። ከእነርሱ ራቅ ብሎ አንዷ ኬክ ታስጌጣለች፣ ሌላዋ የአውሮፕላን ሞተር ትመረምራለች።

ይህ ዎርልድስኪልስ ነው፦ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ፣ ብዙዎች «የሙያ ኦሊምፒክ» የሚሉት ዓለም አቀፍ የክህሎት ውድድር። ለአብዛኞቹ ሙያዎች የዕድሜ ጣሪያው 22 ዓመት ሲሆን ለጥቂቶቹ 25 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይዋ ሊዮን 1,400 ያህል ወጣቶች በ59 ሙያዎች ተወዳድረዋል። ቀጣዩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2026 ለሻንጋይ ተይዟል።

አነሳሱ ከስፔን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀገሪቱ የባለሙያ እጥረት ስለ ነበረባት፣ ወጣቱም ወላጁም አሠሪውም ለእጅ ሙያ ዋጋ እንዲሰጡ የሚያደርግ መንገድ ተፈለገ። ውድድር ሁነኛ ማሳያ ይሆናል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1947 ሀገር አቀፍ ውድድር ተካሄደ። በ1950 ማድሪድ ላይ ስፔንና ፖርቱጋል 12፣ 12 ወጣቶች አሰልፈው ተገናኙ፤ የዓለም አቀፉ ውድድር ጅማሬም ይኸው ነው። በ1953 ጀርመን፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ሞሮኮና ስዊዘርላንድ ተቀላቀሉ።

ዳኝነቱ በሁለት መንገድ ይሰጣል። የሚለካው ነገር ይለካል፤ ሆኗል ወይም አልሆነም። እንደ አጨራረስና አቀራረብ ያለውን ደግሞ ሦስት ዳኞች ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጡታል። 0 በሥራው ዓለም ተቀባይነት የሌለው ነው፤ 1 በኢንዱስትሪው የሚጠበቀውን ደረጃ ያሟላ፣ 3 ደግሞ እጅግ የላቀ። በዳኞቹ መካከል ከአንድ ነጥብ የሰፋ ልዩነት ከመጣ ተነጋግረው እንደገና ይሰጣሉ። ይህን አሠራር እወደዋለሁ። አንድ ነጥብ የሚያሰጠው «ከጎረቤትህ በለጥህ» ተብሎ አይደለም፤ ደንበኛ ከፍሎ ሊወስደው የሚችል ሥራ በመሆኑ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጋዜጦች የሜዳሊያውን ሰንጠረዥ አንሥተው «የእገሌ ሀገር የሙያ ሥልጠና ከዓለም አንደኛ ነው» ማለት ሲጀምሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአቡ ዳቢውን ውጤት እንመልከት። ቻይና 15፣ ስዊዘርላንድ 11፣ ደቡብ ኮሪያ 8 ወርቅ አገኙ። በሰንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ ሦስቱ ሀገሮች ወጣቶቻቸውን የሚያሠለጥኑበት መንገድ ፈጽሞ አይገናኝም።

ኮሪያ ለአሥርተ ዓመታት ይህን ውድድር ተቆጣጥራው ኖራለች። ተወዳዳሪዎቿ በከባድ ማጣሪያ ተመርጠው ረጅም ጊዜ ለውድድሩ ብቻ ይዘጋጃሉ፤ ለሜዳሊያ የገንዘብ ሽልማትና ከወታደራዊ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ልዩ መብት ይሰጣል፤ ትላልቅ ኩባንያዎችም አሸናፊዎቹን ይቀጥራሉ። በዚያችው ሀገር ግን የብዙው ወላጅ ምኞት ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባለት ነው፤ የሙያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ለረጅም ጊዜ እንደ ሁለተኛ ምርጫ ሲታዩ ኖረዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 «ማይስተር» የተባሉ ልዩ የሙያ ትምህርት ቤቶችን የከፈተው ይህን አመለካከት ለመለወጥ ነበር። ሜዳሊያው በዝቶ ሳለ መንገዱ አልተከበረም ማለት ነው።

በስዊዘርላንድ የግዴታ ትምህርቱን ከጨረሰው ወጣት ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ወደ ሙያ ሥልጠና ይሄዳል። ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፣ አነስተኛ ደመወዝ ያገኛል፣ አብዛኛውን ሳምንት ይሠራል፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይውላል። ሙሉው የሙያ ምስክር ወረቀት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይወስዳል። በላዩ ላይ የሙያ ማትሪክ የሚጨምር ወደ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። ስለዚህ በ15 ዓመቱ አናጺነትን የመረጠ ልጅ በር አልተዘጋበትም።

ጀርመንም ይህንኑ ጥምር ሥልጠና ትከተላለች። ወደዚያ ለመሄድ ቋንቋ የሚማሩ ወጣቶቻችን «አውስቢልዱንግ» የሚሉት እርሱን ነው። እ.ኤ.አ. የ1969ኙ ሕግ ሥርዓቱን በአንድ ማዕቀፍ አስያዘው፤ ሙያዎቹ ከ300 በላይ ናቸው። ፈተናውን የሚያዘጋጁት የንግድና የእደ ጥበብ ምክር ቤቶች ሲሆኑ፣ በፈታኝ ኮሚቴው ውስጥ አሠሪ፣ ሠራተኛና የሙያ መምህር አብረው ይቀመጣሉ። ያሠለጠነው ድርጅት ብቻውን «አልፏል» ማለት አይችልም።

ሁለቱ ጎረቤታሞች መንታ ይመስላሉ፤ ወጪውን ለመረመረ ግን ይለያያሉ። የስዊዘርላንድ አሠሪ በአማካይ ሥልጠናው ሳያልቅ ያወጣውን ይመልሳል፤ ሠልጣኙ ከሠለጠነ ሠራተኛ እጅግ ያነሰ ይከፈለዋል፣ በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ደንበኛ የሚከፍልበትን ሥራ ይሠራል። የጀርመን አሠሪ ግን በሥልጠናው ዘመን በአማካይ ይከስራል። የሚያዋጣው ልጁን ከሥልጠናው በኋላ ሲያስቀረው ነው፤ ከውጭ ሠራተኛ የመፈለግና የማለማመድ ወጪ ይቀርለታል።

እንግሊዝ በሌላ በኩል መጣች፦ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያልፍ አሠሪዎች ለሥልጠና የሚውል 0.5 በመቶ ግብር ይከፍላሉ።

የሀገሮችን ሥርዓት ለማነጻጸር የሚረዱት እንግዲህ ከሜዳሊያ ቆጠራ ይልቅ እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው፦ ወጪውን ማን ይችላል? ማን ይፈትናል? ወረቀቱ ከሌላ አሠሪ ዘንድ ይሠራል? ሠልጣኙ ቆየት ብሎ ልማር ቢል መንገድ አለው? ከሁሉም በላይ፣ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ የማይገባው መካከለኛ ሠልጣኝ ሲመረቅ የሚበይደው ታንክ ውሃ ይይዛል? ሊዮን ላይ ቻይና 36 ወርቅ ወሰደች፤ እጅግ የሚደነቅ ውጤት ነው። በየከተማው ያለ ተራ ሠልጣኝ ግን በዚያ አዳራሽ አልተፈተነም።

በእኛም ሀገር የክህሎት ውድድር በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ደግሞ ሠልጣኞቻቸውን ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች ይልካሉ። ምዘናው ከማሠልጠኛ ተቋሙ ውጭ መሰጠቱ መልካም ነው። የሚያሳስበኝ አሠሪው ነው። አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤት ሠልጣኝ ሲላክለት የሚያስበው በልምምድ ስለሚያልቀው ኤሌክትሮድና ስለሚበላሸው ላሜራ ነው፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። የስዊዘርላንዱ ባለ ወርክሾፕ የመጀመሪያውን ዓመት ብክነት የሚሸከመው ልጁ በሦስተኛው ዓመት በርና መስኮት ሠርቶ እንደሚክሰው ውሉ ስለሚያረጋግጥለት ነው። በእኛ ዘንድ ሠልጣኙ ኤሌክትሮድ ሳያባክን መበየድ በጀመረበት ሰሞን የመውጫ ቀኑ ደርሶ ወደ ተቋሙ ይመለሳል፤ ባለ ወርክሾፑም በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ ሲመጣለት ቦታ የለኝም ይላል።