የጡንቻ ሕዋስ ሽፋን መዋቅራዊ ፕሮቲኖች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ

የጡንቻ ሕዋስ በተኮማተረና በተዘረጋ ቁጥር ሽፋኑ አብሮ ይሳባል፤ የዚህ ሽፋን ውፍረት ግን 10 ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። እንዳይቀደድ ከውስጥ ደግፈው ከያዙት ፕሮቲኖች በይበልጥ የሚታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. የተለየው ዲስትሮፊን ሲሆን፣ በአንድ ወገን በሕዋሱ ውስጥ ካሉት አክቲን ከሚባሉ የፕሮቲን ክሮች፣ በሌላ ወገን ደግሞ ሽፋኑን ዘልቆ ከሚያልፈው ቤታ ዲስትሮግላይካን ጋር ይያያዛል። በዱሸን የጡንቻ መመንመን ሕመም የሚጎድለው ይኸው ፕሮቲን ነው።

በተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ነገሮች ተለይተው ስለማይታዩ፣ ዲስትሮፊን የሚታየው ሕዋሱን እንደ ቀለበት የከበበ ብርሃን ሆኖ ነው። ይህ ለሕመም ምርመራ ይጠቅማል፤ ፕሮቲኑ በሽፋኑ በየትኛው ፊት እንዳለ ግን አያሳይም። ለዚህ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም ቢሆን፣ በቀጭኑ በተቆረጠ ሥጋ ላይ ዲስትሮፊንን ከጎረቤቶቹ በመልኩ ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ (ራሱም ፕሮቲን ነው) ይጨመርና፣ በዚያ ላይ የወርቅ ቅንጣት የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይለጠፋል። ወርቅ ኤሌክትሮኖችን አጥብቆ ስለሚበትን፣ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 10 ናኖሜትር የሚሆነው ቅንጣት በምስሉ ላይ ክብ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ተመልካቹ የሚያየው እንግዲህ ምልክቱን እንጂ ፕሮቲኑን አይደለም። ሁለቱ አንቲቦዲዎች ራሳቸው ርዝመት ስላላቸው ነጥቡ ከትክክለኛው ቦታ 20 ናኖሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል፤ ይህም ከሽፋኑ ውፍረት እጥፍ በላይ ነው። ዲስትሮፊን በሽፋኑ ውስጠኛ ፊት መሆኑ የታወቀው በአንድ ነጥብ ሳይሆን በብዙ ነጥቦች ክምችት ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪው ዝግጅቱ ነው። ሥጋውን ለማጽናት የሚጨመሩት ኬሚካሎች፣ ግሉታራልዲሃይድና ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ፣ ሽፋኑን አጥርተው ያሳያሉ፤ ነገር ግን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ አቆላልፈው ወይም ቅርጻቸውን ለውጠው አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ ሊያጠፉበት ይችላሉ። ማጽኛው ሲለሰልስ ወርቁ በደንብ ይያዛል፤ ሽፋኑ ግን ይደበዝዛል። ብዙዎች ሥጋውን በስኳር መፍትሔ ነክረው፣ አቀዝቅዘው በበረዶነቱ ሳለ መቁረጥን የሚመርጡት ሁለቱንም በመጠኑ ለማትረፍ ነው። የመቁረጫው አቅጣጫም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ምላጩ ሽፋኑን አግድሞ ካለፈ ጥርት ያለ መስመር ይታያል፣ በሰያፍ ካለፈ ግን ሽፋኑ ወደ ግራጫ ጭጋግ ይለወጥና ነጥቦቹ የውስጥ ይሁኑ የውጭ መለየት ያዳግታል። እንዲህ ያለው ምስል ከነጥቦቹ ቆጠራ ቢወጣ ይሻላል።

ዲስትሮፊን ፈጽሞ ከሌለው ጡንቻ የተወሰደ ናሙናም በተመሳሳይ መንገድ ይዘጋጃል። በዚያም ላይ ነጥቦች ሽፋኑን ተከትለው ከተደረደሩ አንቲቦዲው ሌላ ነገር እየያዘ ነው ማለት ነው።