ሴናተሩ ውጭ አገር የሚናገሩት በማን ስም ነው?

የላይኛው ምክር ቤት (በብዙ አገር ሴኔት የሚባለው) ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ አንድ ነገር ሲናገር «አገሪቱ እንዲህ አለች» ብለን እናወራለን። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚባሉ አራት ነገሮችን እንይ።

«አፈ ጉባኤው ከተናገሩ መንግሥት ተናገረ ማለት ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የቼክ ሴኔት ፕሬዚዳንት ሚሎሽ ቪስትርቺል ታይዋን ሄዱ። እዚያ ምክር ቤት መድረክ ላይ ቆመው «እኔ ታይዋናዊ ነኝ» አሉ፤ ያውም በቻይንኛ! ታይዋንን የራሷ ግዛት አድርጋ የምታየው ቤጂንግ በጣም ተቆጣች። የራሳቸው አገር ፕሬዚዳንት ሚሎሽ ዜማንም ጉዞውን አጥብቀው ተቃውመውት ነበር። ሴኔቱ ግን ደግፎታል። ሰውዬው የሄዱት በሴኔታቸው ስም ነው፤ የመንግሥት የቻይና ፖሊሲ ባለበት ቀጠለ። ሁለቱን መለየት ያልፈለገችው ቤጂንግ ናት።

«ልዑክ ማለት የገዥው ፓርቲ ሰዎች ናቸው»

ይህም ስህተት ነው። በ1889 ፓሪስ ላይ የተመሠረተውን፣ የየአገሩ ፓርላማ ልዑካን የሚሰበሰቡበትን የፓርላማዎች ኅብረት እንይ። ሁለት ምክር ቤት ያለው አገር የሚልከው አንድ ልዑክ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ምክር ቤት አባላት አብረው ይቀመጣሉ። ተቃዋሚዎችም አብረው መሄዳቸው የተለመደ ነው። እናም ከአንድ አገር የመጡ ሁለት ሰዎች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሲከራከሩ ብታዩ አይግረማችሁ። ወንድ ብቻ ወይም ሴት ብቻ እየላከ የሚደጋግም ልዑክ ደግሞ የድምፁ ቁጥር ይቀነስበታል። ጥሩ ቅጣት ነው፣ በእኔ እምነት።

«የምክር ቤቱ ፊት የሆነ ሰው ጉልበተኛ ነው»

እንደ አገሩ ነው። የብሪታንያ የላይኛው ምክር ቤት የሆነው የሎርዶች ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት በ2006 የተፈጠረ ሥልጣን ነው። የሚመርጧቸው አባላቱ ናቸው፤ ከተመረጡ በኋላ ከፓርቲ ፖለቲካ ይርቃሉ፤ ምክር ቤቱን አገር ውስጥም ውጭም ይወክላሉ። ስብሰባ ላይ ግን የሚረብሽ አባልን «ሥርዓት ያዝ!» ማለት እንኳ አይችሉም። ሥርዓት ማስከበር የአባላቱ የጋራ ሥራ ነው።

ፈረንሳይ ሲኬድ ደግሞ ሌላ ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ቦታ ሲለቅቅ ወይም ሲሞት በጊዜያዊነት የሚተካው የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ነው። አላን ፖኤር በ1969 እና በ1974 ሁለት ጊዜ ተክተዋል።

«ውክልና ማለት አውሮፕላን መሳፈር ነው»

ብዙውማ እዚያው አገር ቤት ነው። የብሪታንያ ሎርዶች ትምህርት ቤት እየዞሩ ተማሪዎችን ያነጋግራሉ። «ማንም ሳይመርጣችሁ ሕግ ላይ ምን አገባችሁ?» የሚል ጥያቄም ይጠብቃቸዋል።